በእግር የሚመረጥ ድምፅ

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የጊታር ዋህ ፔዳሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ጥቁር፣ ከባድ፣ ቀለሙ ከጠርዙ የተላጠ ክራይ ቤቢ ነው፤ ስላሽ ነው፣ ስንት ባለቤት እንደቀያየረ የሚያውቅ የለም። ሌላው ገና ከነካርቶኑ ያለ አዲስ ባለፕላስቲክ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ያመጣቸው ወጣት በአንድ የምሽት ክበብ ባንድ ውስጥ ጊታር መምታት ከጀመረ ብዙም አልቆየም፤ ሁለቱንም «ሞክሬ አንዱን እመልሳለሁ» ብሎ ነው ከሻጮቹ የተቀበለው። ዳኛ ያደረጋቸው ሰው የባንድ ዕቃ ሲጠግኑ ፀጉራቸው የሸበተ ባለሙያ ናቸው።

«ጋሼ፣ የቱን ልውሰድ?»

«ቆይ እስቲ» አሉና ክራይ ቤቢውን አንስተው መሬት ላይ አስቀመጡት። ልጁ ጊታሩን ከከረጢቱ ለማውጣት ሲጣደፍ በእጃቸው አስቆሙት። «እሱ ይቆየን።»

«ሳይሰካ ምኑ ይታወቃል?»

«ዋናው ነገር የሚታወቀው ሳይሰካ ነው።»

ቀኝ እግራቸውን ጫኑበት። ከተረከዝ ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ተረከዝ፣ ቀስ እያሉ አመላለሱት። መርገጫውን በእጃቸው ይዘው ወደ ጎን ነቀነቁት። በጣታቸው በኩል ጠበቅ አድርገው ሲረግጡ «ቀጭ» አለ። ከዚያ ባለፕላስቲኩን አስቀምጠው ያንኑ ደገሙ። እሱ ደግሞ ጣታቸውን ሲጫኑ ጀርባው ከወለሉ ተነሳ፣ ወደፊትም ተንሸራተተ። ልጁ እስካሁን አንዲት ኖታ አልመታም፤ እሳቸው ግን ግማሹን ፍርድ ጨርሰዋል።

ዋህ ፔዳል ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ድምፁ ነው። ቪዲዮ ይከፍታል፣ አንዱን ከሌላው ያወዳድራል፣ ስለ ኮይልና ስለ ትራንዚስተር ያነባል። ጥፋት የለውም። ነገር ግን በርካሽ ዋጋ ከሚሸጡት መካከል አንዱን ከሌላው የሚለየው በአመዛኙ ብረቱ፣ ጥርሱ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና የመርገጫው አካሄድ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዕቃው እንዴት እንደተወለደ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዋህ ፔዳል የተወለደው ወጪ ለመቀነስ ከተደረገ ሙከራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቶማስ ኦርጋን የሚባል ኩባንያ ነበር። የእንግሊዙን የቮክስ አምፕሊፋየሮች በአሜሪካ የሚያከፋፍለውና የሚያመርተው እሱ ነበር። ከአምፕሊፋየሮቹ በአንዱ ላይ መካከለኛውን ድምፅ ከፍ የሚያደርግ፣ በየደረጃው የሚዞር ማብሪያ ነበር። ማብሪያው ውድ ነው። ብራድ ፕለንኬት የተባለ ወጣት ኢንጂነር በርካሽ ነገር እንዲተካው ታዘዘና በቦታው እንደ ቮልዩም የሚዞር ተራ ሬዚስተር አስገባ። ሬዚስተሩ ሲዞር ድምፁ ከደረጃ ወደ ደረጃ መዝለሉ ቀረና ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተተ፣ አፍ ተከፍቶ እንደሚዘጋ ሆኖ ወጣ። ሰዎቹ ይህን ሰርኪዩት ወስደው በአንድ የኦርጋን የእግር ፔዳል ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ዋህ ፔዳል ይኸው ነው።

ለማን እንደሚሸጥ ግን ወዲያው አልተግባቡም። የኩባንያው ኃላፊ ጆ ቤናሮን ወደ ኤሌክትሪክ ለተቀየሩ የትንፋሽ መሣሪያዎች ነው ብሎ አምኗል። ዴል ካሸር የተባለው ጊታር ተጫዋች ደግሞ ለጊታር ነው ብሎ ወተወተ። በ1967 ገበያ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል የተሰየመው በጊታር ተጫዋች ስም ሳይሆን በመለከት ነፊው በክላይድ ማኮይ ነው፤ ማኮይ የመለከቱን አፍ በመዝጊያ እየከደነና እየከፈተ በሚያወጣው የሚያላዝን ድምፅ ይታወቅ ነበርና ምስሉ ከፔዳሉ ሆድ ላይ ታተመ። የባለቤትነት መብቱ ማመልከቻ በፕለንኬትና በባልደረባው በለስተር ኩሽነር ስም በየካቲት 1967 ገብቶ በመስከረም 1970 ጸደቀ። እስከዚያ ድረስ ግን ክርክሩን ጊታሪስቶቹ ራሳቸው ዘግተውት ነበር። ኤሪክ ክላፕተን ከክሪም ጋር «ቴልስ ኦቭ ብሬቭ ዩሊሲስ»ን በ1967 ቀርጾበታል። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1968 «ቩዱ ቻይልድ»ን የከፈተው የታፈኑ ክሮችን እየፋቀ እግሩን በማመላለስ ነው። በ1971 ደግሞ በአይዛክ ሄይስ የ«ሻፍት» ፊልም ሙዚቃ ላይ ቻርልስ ፒትስ ዋህን እንደ ከበሮ ተጠቀመበት፤ ያ ዘፈን ኦስካር አሸንፏል። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በተቀረጹ ሸክላዎች ላይም «ዋህ-ዋህ» የሚል ጊታር ጆሮ ላይ ይመጣል።

ክራይ ቤቢ የሚለው የዋህ ፔዳል ስም በወቅቱ በወጉ ስላልተመዘገበ ብዙ ፋብሪካ እየጻፈበት ሸጠ። ያረጁ የጣሊያን ፔዳሎች ላይ ይህ ስም መገኘቱ፣ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ሲልም ገዢው ሲጠራጠር የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው። ከ1982 ወዲህ ግን ስሙ የጂም ደንሎፕ ኩባንያ ነው፤ ዛሬ በየባንዱ የሚታየው ጂሲቢ95 የሚባለው ጥቁር ፔዳል የእሱ ምርት ነው።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ጥገና ባለሙያው ክራይ ቤቢውን ገልብጠው ከሥሩ ያሉትን አራት የጎማ እግሮች በጣታቸው ፈቷቸው፤ እግሮቹ ራሳቸው ብሎን ናቸው። ክዳኑ ሲነሳ ልጁ ትንሽ ቅር አለው።

«ይኸው ነው እንዴ?»

«ምን ፈልገህ ነበር?»

እውነትም ብዙ ነገር የለውም። ሁለት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች፣ አንድ ትንሽ ኮይል። ከጎን ደግሞ ባለ 100 ኪሎ ኦም ተለዋዋጭ ሬዚስተር አለ፤ የሬዲዮ ጠጋኞቻችን «ቮልዩም» የሚሉት ነው። በቮልዩሙ ዘንግ ላይ ጥርስ ያለው ትንሽ ጎማ ገብቷል፤ ከመርገጫው የሚወርደው ባለጥርስ ዘንግ ያንን ጎማ ያዞራል። እግር ሲንቀሳቀስ ዘንጉ ይወጣል ይወርዳል፣ ቮልዩሙ ይዞራል፣ ሰርኪዩቱ አጉልቶ የሚያሳልፈው የድምፅ ክልል ቦታ ይቀይራል። ተረከዝ ሲጫን ክልሉ 400 ኸርዝ አካባቢ ይቀመጣል፤ ጣት ሲጫን እስከ 2000 ኸርዝ ግድም ይወጣል። ከዚያ ክልል ውጭ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። አፋችንን ከ«ኡ» ወደ «ኣ» ስንከፍትም ጉሮሯችን የሚያወጣው ድምፅ ሳይቀየር የሚጎላው ክልል ብቻ ይቀየራል። ጊታሩ የሚናገር የሚመስለው ለዚህ ነው።

ስለ ኮይሉ የሚወራው ብዙ ነው። ፋዘል የሚባለው የድሮ የጣሊያን ኮይል ስሙ የገነነ ሲሆን፣ አሁንም በዚያ ስም እየተሠራ በአንዳንድ ሞዴሎች ውስጥ ይገባል። ልዩነት የለውም አልልም፤ በጸጥታ ክፍል ውስጥ በጥሩ አምፕ ይሰማል። ነገር ግን ከበሮ፣ ቤዝና ኪቦርድ በሚጮሁበት መድረክ ላይ የኮይሉን ዓይነት በጆሮው የሚለይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ኮይል የመጨረሻው ጥያቄ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቮልዩሙ ነው። እግር በየምሽቱ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ማሰብ ይበቃል፤ በውስጡ ያለው የካርቦን መስመር ቀስ በቀስ ይፋቃል፣ አቧራም ይገባበታል። ምልክቱ ፔዳሉ በርቶ እግር ሲንቀሳቀስ የሚሰማው «ክርርር» ነው። ባለሙያው ይህን ለማየት ጊታሩን አሁን አሰኩት፤ ክሮቹን በመዳፍ አስይዘው፣ አምፑን ከፍ አድርገው፣ መርገጫውን ብቻ አንቀሳቀሱ። ጥቂት «ክርርር» አለ። ለኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ የተሠራውን ስፕሬይ ነፉበትና ደጋግመው አመላለሱት፤ ጠፋ። ባይጠፋ ኖሮ ቮልዩሙ መቀየር ነበረበት፤ ይህም በካውያ ሦስት ሽቦ ነቅሎ ሦስት ሽቦ መበየድ ነው። ሲገዛ ግን ከድምፅ መቆጣጠሪያ የሚነቀል ማንኛውም 100 ኪሎ ኦም አይሆንም፤ ዘንጉ ጥርሱን ለመያዝ የሚመች፣ ለዋህ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ፔዳል ሲያስመጣ አንድ መለዋወጫ ቮልዩም አብሮ ቢያስመጣ ብልህነት ነው፤ ከደብዳቤ ብዙ አይከብድም።

ሁለተኛው ጣት ስር ያለችው ማብሪያ ማጥፊያ ነች። መርገጫው ወደፊት ሲወርድ ከሥሩ የተለጠፈው ጎማ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይጫናታል። ያ ጎማ ሲሟሽሽ እግር የቱንም ያህል ቢጫን አትነካም። ብዙ ሰው «ተቃጥሏል» ብሎ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው ፔዳል ችግሩ ይህቺ ቁራጭ ጎማ ናት፤ ወይም የማብሪያዋን ዳዶ በቁልፍ ፈታ አድርጎ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃታል። ስላሽ ገዢ ይህን ካወቀ ከሻጩ ጋር የሚከራከርበት አቅም ያገኛል።

ሦስተኛው ሲጠፋ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ይሄ ብዙዎች የማያዩት ነው። በአሮጌዎቹ ሞዴሎች ላይ ፔዳሉ ቢጠፋም ሰርኪዩቱ ከጊታሩ አይላቀቅም፤ የጊታሩን ቀጭን ድምፅ ይጠጣዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ጊታሩን በቀጥታ አምፕ ላይ ሰክቶ መምታት፣ ከዚያ የጠፋውን ፔዳል በመካከል አድርጎ ያንኑ መምታት። ከደበዘዘ ይጠጣል ማለት ነው። አዳዲሶቹ ክራይ ቤቢዎች መግቢያቸው ላይ ይህን የሚከላከል ትንሽ ሰርኪዩት አላቸው፤ የቮክሱ ቪ847-ኤ እንዲሁ። የሚጠጣውንም ቢሆን ባለሁለት መስመር ማብሪያ በመግጠም ማዳን ይቻላል።

ልጁ ከነገሩ ሁሉ የገረመው ጥርሱ ነበር። ባለሙያው ባለጥርሱን ዘንግ ትንሽ ገፋ አድርገው ከጎማው አላቀቁ፣ ጎማውን በአንድ ጥርስ አዞሩት፣ መልሰው አገጣጠሙ። ጊታሩን መታ። የዋሁ ድምፅ ወደ ወፍራሙ ወርዷል፤ ጣት ላይ የነበረው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ለስልሷል።

«ይህን ደግሞ ለምን አልነገሩኝም?»

«አሁን ነገርኩህ፣ ልጄ።»

ምንም ዕቃ ሳይገዛ፣ ያለ ካውያ፣ አንድ ጥርስ በማዞር ፔዳል የሚቀየር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ውዱን ሞዴል ለመግዛት አይቸኩልም።

ስለ ሞዴሎቹ ባጭሩ ልበል። ጂሲቢ95 አሜሪካ ውስጥ አዲሱ መቶ ዶላር ገደማ ነው፤ ስላሹ በጣም ይረክሳል፣ ብረት ስለሆነም ያረጀው ይሠራል። ቮክስ ቪ845 ከቪ847 ረከስ ብሎ የተሠራ ጥቁር ፔዳል ነው፤ ድምፁ ለስለስ ይላል፣ መርገጫውም ብረት ነው። ደንሎፕ ሚኒ የሚባለው ትንሹ ለተጨናነቀ የፔዳል ሰሌዳ የተሠራ ሲሆን፣ ውስጡ ድምፁን በሦስት ደረጃ የሚመርጥ ማብሪያ አለው፤ እግሩ ትልቅ ለሆነ ሰው ግን ጉዞው አጭር ነው፣ ቀስ ብሎ ለማንሸራተት ይቸግራል። ቤሪንገር ሄልቤብ ከሁሉም ይረክሳል። በቮልዩም ፋንታ በብርሃን ነው የሚሠራው፤ መርገጫው በብርሃንና በብርሃን ተቀባይ መካከል ያለውን ክፍተት ይጋርዳል፣ ስለዚህ የሚፋቅ ካርቦን የለውም፣ «ክርርር»ም የለውም። ሞርሊ ይህንኑ ዘዴ ከጥንት ጀምሮ በብረት ሣጥን ይሠራዋል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። የሄልቤብ ድክመት አካሉ ፕላስቲክ መሆኑ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ይንሸራተታል። ቤት ውስጥ ለሚለማመድ ሰው ይህ ምንም አይደለም። በየምሽቱ መድረክ ላይ ቆሞ ለሚረግጠው ግን ጉዳይ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። እንደ ዙም ጂ1ኤክስ ፎር ያሉ፣ ብዙ ኢፌክት በአንድ ሣጥን የያዙና ጎናቸው ላይ መርገጫ ያላቸው ዕቃዎች በዋጋ ከአንድ አዲስ ክራይ ቤቢ ብዙም አይርቁም። ዋህ፣ ዲስቶርሽን፣ ኢኮ፣ መቃኛ ሁሉ ይገኝባቸዋል። ገና ድምፁን እየፈለገ ላለ ጀማሪ ብሩ በዚህ ቢወጣ አይከፋም። ብቻ መርገጫቸው ትንሽ ነው፣ ከተሰበረም ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ተስፋ የለውም። «አውቶ ዋህ» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እግር የለውም፣ ክሩ በተመታ ቁጥር እንደ ምቱ ኃይል ራሱ ይከፈታል። ደስ ይላል፤ ግን ልቅሶውን አንተ አትመራውም።

ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ በመብራቱ ላይ ነው። ፔዳሎቹ በ9 ቮልት ዲሲ ይሠራሉ፤ አብዛኞቹም መሐሉ ኔጌቲቭ፣ ውጩ ፖዘቲቭ የሆነ አዳፕተር ነው የሚፈልጉት። ቤት ውስጥ ያለው የዋይፋይ ወይም የሌላ ዕቃ አዳፕተር ጫፉ ቢገባም መሐሉ ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ነው፣ ቮልቱም 12 ሊሆን ይችላል። ሳያዩ መሰካት ፔዳሉን ሊገድለው ይችላል። አዳፕተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ የክብ ሥዕል ማየት ይበቃል፤ የመቀነስ ምልክቱ ወደ መሐሉ ነጥብ መሳቡን አረጋግጥ። ከአሜሪካ የሚመጣው አዳፕተር 120 ቮልት ብቻ የሚቀበል ከሆነ የእኛን 220 አይችልም፤ «100–240» የሚል ጽሑፍ ካለው ችግር የለም። የባትሪው መንገድ ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የሚናቅ አይደለም። ዋህ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አንዷ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ረጅም ጊዜ ታገለግላለች። ግን የጊታሩ ጃክ በመግቢያው እስከተሰካ ድረስ፣ ፔዳሉ ቢጠፋም፣ ባትሪዋ እየሠራች ነው። ከልምምድ በኋላ ጃኩን ሳይነቅል የሚሄድ ሰው ነው «ባትሪ ይበላል» ብሎ የሚያማርረው።

ከሌሎች ፔዳሎች ጋር ሲሰለፍ የት ይቀመጥ? ከጊታሩ ቀጥሎ ከዲስቶርሽን በፊት ሲሆን ድምፁ የተቆጠበና የሚናገር ይሆናል፤ ከዲስቶርሽን በኋላ ሲሆን ሰፊና ጉልህ፣ አንዳንዴም ከመጠን ያለፈ ይሆናል። የድሮ ዓይነት ፈዝ ፔዳል ያለው ሰው ብቻ ይጠንቀቅ፤ ዋህ ከፊቱ ሲገባ ሁለቱ እየተጣሉ ዋሁ ይሞታል ወይም ያፏጫል። ሚክ ሮንሰንና ማይክል ሼንከር ደግሞ መርገጫውን መሐል ላይ አቁመው ሳያንቀሳቅሱ ይመቱ ነበር፤ ጊታሩ በአፍንጫው የሚዘፍን ይመስላል። ይህን የሚወድ ሰው መርገጫው ባቆመበት የሚቆም፣ ልቅ ያልሆነ ፔዳል ይፈልጋል፤ እንደገናም ነገሩ ወደ ብረቱና ወደ ብሎኑ ይመለሳል።

በእኛ ዘፈኖች ላይ ስለ አጠቃቀሙ አንድ ነገር ካልጨመርኩ ይቆጨኛል። ጀማሪዎች ዋህ ሲያገኙ የሚያደርጉት እግራቸውን ከምቱ ጋር ያለማቋረጥ ማራገብ ነው። በአራት ምት በሚሄድ ፈንክ ላይ ያስኬዳል። በችክችካ ላይ ግን እጅ ስድስት ሲቆጥር እግር ስድስቱን ሁሉ ከተከተለ ጭቃ ይሆናል፤ እግር ሁለቱን ትልልቅ ምቶች ብቻ ይዞ እጅ በመካከላቸው ቢሮጥ ነው የሚያምረው። በትዝታ ቅኝት ረጅም ኖታ ይዞ መርገጫውን ከተረከዝ ወደ ጣት በአንድ ትንፋሽ ያህል ቀስ ብሎ መግፋት ደግሞ ፈጣን ማራገብ የማይሰጠውን ይሰጣል። ይህን ለማድረግ መርገጫው መሐል መንገድ ላይ ሳይያዝ፣ ሳይዘልል መሄድ አለበት።

ልጁ በመጨረሻ ስላሹን ወሰደ። ባለሙያው ስለ ማጽጃው ብቻ አስከፈሉት። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ገንዘብህ ከመቶ ዶላር በታች ከሆነና መድረክ ላይ የምትጫወት ከሆነ፣ ብረት ለበስ ስላሽ ክራይ ቤቢ ወይም ቮክስ ፈልግ፤ ማብሪያው የማይሠራ ወይም «ክርርር» የሚል ቢሆን እንኳ ዋጋውን አስቀንሰህ ግዛና አስጠግነው። ቤት ብቻ የምትለማመድ ከሆነ ሄልቤብ ይበቃሃል፣ ትርፉን ለአዲስ ክርና ለጥሩ ገመድ አውለው። የቱንም ብትመርጥ ገንዘብህን ከኪስህ ከማውጣትህ በፊት ጫማህን አድርገህ ቁምበትና አሥር ጊዜ አመላልሰው፤ ሻጩ ይህን ካልፈቀደልህ ሌላ ሻጭ ፈልግ።